እንከን የሌለው ድንጋይ

በጋዜጠኝነት ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። ጎርፍ፣ የገበያ ቃጠሎ፣ የችሎት ክርክር ጽፌያለሁ። በዓይኔ ካየሁት ውስጥ ሳላሳትመው የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረውም ዜና ስላልነበረ አይደለም። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው። የፈጀው አራት ቀን ነው። ሰው አልሞተበትም፤ ሌባም የለበትም። ሌባ ቢኖርበት ኖሮ ለእኔ በቀለለኝ።

ጊዜው የስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ወሩ ሰኔ ነበር። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ እሠራ ነበርና ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ቡሬ ላይ ስለቆሙ የጭነት መኪኖች እንድጽፍ ወደ ጎጃም ተላክሁ። በዚያ ዕድሜዬ የምኮራበት አንድ ልማድ ነበረኝ፤ ያላረጋገጥኩትን ነገር በጽሑፍ ቀርቶ በአፌም አልናገርም። ጓደኞቼ ምሳ ላይ “እሱን ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይ ብትሉት፣ ሁለተኛ ሰው ሳይቀምሰው አይመልስም” እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። እኔ እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስለ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ስጽፍ፣ አንድ ሽማግሌ አርመናዊ ወርቅ ሠሪ ግማሽ ቀን አስቀምጠው ስለ አልማዝ አስተምረውኛል። ሦስት ነገር በልቤ ቀርቷል። አንደኛው፣ መስታወት መጫሩ ብቻውን አልማዝ አያሰኘውም፤ መስታወት የሚጭር ተራ ድንጋይ ሞልቷል። ሁለተኛው፣ የምድር ሆድ ያበቀለው አልማዝ ሲያዩት ጥቂት ጉድፍ፣ ጥቂት ደመና አያጣም። “ትልቅ ሆኖ አንዲት ነጥብ የሌለበት ድንጋይ በርካሽ ካሳዩህ ኪስህን ቆልፍ” አሉኝ። ሦስተኛውን በተግባር አሳዩኝ። በደንብ የተጠረበ አልማዝ ጽሑፍ ላይ ደፍተው ከላይ ሲያዩት ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል እንጂ ፊደሉን አያሳይም። ፊደሉ ጥርት ብሎ ከታየ ድንጋዩ ሌላ ነው።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጎማው ተነፈሰ። ሻይ ቤት ገብቼ ጋዜጣዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳነብ፣ አንድ ቀጠን ያለ፣ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው ሳይጋበዝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አስር አለቃ ደምሴ እባላለሁ አለኝ። ኮንጎ ዘምቶ የተመለሰ፣ በቅርቡ ከጦሩ የተሰናበተ ነው።

“ጋዜጠኛ ነህ አሉኝ።”

“ነኝ።”

“እንግዲያ የማታውቀው ነገር የለም።”

“የማላውቀውማ ይበዛል።”

“ታዲያ ምኑን ጋዜጠኛ ሆንክ!” ብሎ ሳቀና ከደረት ኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ። በጥጥ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል የተጠረበ ድንጋይ ተኝቷል። ውኃ ይመስላል፤ ወደ መስኮቱ ሲያዞረው በግድግዳው ላይ ብርሃን ረጨ።

“አልማዝ ነው። ኮንጎ ውስጥ ከአንድ ማዕድን ቆፋሪ በእጅ ሰዓቴና በአዲስ ጫማዬ የለወጥኩት። አንድ ትንሽዬ መረቀልኝ፤ እሷን ለማገባት አስቀምጫታለሁ። እይ!” ብሎ ተነሣና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስታወት ጥግ ጫረው።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ብቅ አለች። “ኧረ አንተ ሰውዬ! ባለፈው ሳምንትም ጭረህብኛል! ኮንጎ መስታወት የለም?”

“አሁን ይኼ ጭረት ዋጋ አለው፣ እትዬ። በአልማዝ የተጻፈ ነው።”

“እንግዲያ ዋጋውን ክፈለኛ!”

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አስር አለቃው ተመልሶ ተቀመጠና ድንጋዩን መዳፌ ላይ አኖረው። “በል፣ ምን ትላለህ?”

ጋዜጣው ክንዴ ሥር ነበር። ድንጋዩን ወረቀቱ ላይ ማስቀመጥ የአንድ ቅጽበት ሥራ ነው። አላደረግኩትም። ጉዳዩ የእኔ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ በሰው ፊት ላሳፍረውም አልፈለግኩም። ድንጋዩን አገላበጥኩት፤ ጉድፍ የለበትም። ልቤ ተጠራጠረ። ጥርጣሬ ደግሞ ማስረጃ አይደለም።

“ያማረ ድንጋይ ነው” አልኩት። “እኔ ግን አዋቂ አይደለሁም።”

እሱ የሰማው የፊተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ገዢውን የነገረኝ። ከቡሬ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ አያ አለኸኝ የሚባሉ ገበሬ አሉ። በጠላት ዘመን የቅዱስ ሚካኤል የመጾር መስቀል ፈርጡ ወልቆ ጠፍቶ፣ መካከሉ እንደ ጠፋ ዓይን ጎድጉዶ ቀርቷል። የአያ አለኸኝ አንድያ ልጅ ታማ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ስትተኛ፣ ብትድንልኝ ለጉድጓዱ በምድር ላይ ካለ ድንጋይ ሁሉ የሚበልጠውን አስገባለሁ ብለው ተሳሉ። ልጂቱ ዳነች። የሰኔ ሚካኤል ደግሞ በሦስተኛው ቀን ነው።

“በምን ሊገዙት ነው?” አልኩት።

“በሁለት በሬ። የአባቴ መሬት ጦም አድሯል። እኔ መሬት አለኝ፣ በሬ የለኝም።”

“እሳቸውስ በሰኔ ያለ በሬ ምን ሊሆኑ?”

“እኔም ብያቸዋለሁ። ‘ሚካኤል ያውቃል’ አሉኝ።”

በማግስቱ ቡሬ ገባን። መኪኖቹ በጭቃው ተሰልፈው ቆመዋል። ሾፌሮቹን አነጋግሬ ሥራዬን በእኩለ ቀን ጨረስኩ፤ መመለሻ ግን የለም። አልማዝ የሚገዛ ገበሬ ማየት ለጋዜጣ የሚሆን ነገር ነው ብዬ አስር አለቃውን ተከትዬ በእግር ወጣሁ። መንገድ ላይ ዳር ዳሩን ሞከርኩት።

“ለወርቅ ሠሪ አሳይተኸዋል?”

“ለማን? እዚህ ያለው አንጥረኛ የሚያውቀው ብር ነው። ከማዕድኑ አፍ የገዛሁትን ምን ሊለኝ?” ኪሱን መታ መታ አደረገ። “ይህን ድንጋይ ስንት ዓመት ደረቴ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ። ሚስት ብትሆን ኖሮ አራት ወልዳልኝ ነበር።”

እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። አላታለለም። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ዕድል ገጥሞኛል ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

አያ አለኸኝ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በደጃቸው ቦራና ዳልቻ የሚባሉት ሁለት በሬዎች ቀንበር ወልቆላቸው ሣር ይበላሉ፤ የከፊሉ ማሳ የመጀመሪያ እርሻ ወጥቷል፣ የጤፉ መሬት ገና ነው። ድንጋዩን ሲቀበሉ ነጠላቸውን መዳፋቸው ላይ ዘረጉ። ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠርዙን ሁሉ ተከተሉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱት። ለስለት የሚገባ በግ ሲመርጥ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጆሮው እንዳልተቀደደ፣ እግሩ እንዳላነከሰ፣ ጠጉሩ እንዳልጎደለ። ጥርሱን ብቻ ነው ያላዩት።

“አንዲት ነጥብ የለበትም” አሉ በመጨረሻ። “ጥሩዬ! ነይ እይ፤ እንከን የለበትም!”

የፒያሳው ሽማግሌ ቃል በጆሮዬ መጣ። እነዚህ ሰዎች ድንጋዩን የመዘኑት ለታቦት በሚገባ ነገር ሚዛን ነው፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ ውሸቱ ከእውነተኛው ይበልጣል።

“እንዲያውም ይኸው ጋዜጠኛው አይቶታል” አለ አስር አለቃው። “ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ያማረ ነው ብሏል።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። “ብያለሁ” አልኩ። “ነገር ግን አንድ ነገር ብንሞክር…”

አያ አለኸኝ በትሕትና አቋረጡኝ። “ወንድም ዓለም፣ እዚህ አገር ለታቦት የሚገባ ነገር ሲገዛ ዋጋ አንከራከርም፤ ሻጩንም አንመረምርም። ሰጠሁ ያለውን ሚካኤል ይጠይቀዋል። ግድ የለህም፣ ነገ ቄሱ ያዩታል።”

ራት ስንበላ ልጂቱ፣ የሻረግ፣ እጃችንን አስታጠበችን። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ በበሽታው ተመልጦ ገና እያቆጠቆጠ ነው። ስትወጣ ባለቤታቸው እቴ ጥሩዬ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ “እስከ ነገ ብቻ ነው ጭንቄ” አሉኝ። “ስለት ከጎደለ የተሰጠው ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለችው ሴትዮ ዘቢብ ተስላ ገብስ ብታስገባ፣ የዳነው ልጇ በወሩ ሄደ። ነገ ከገባልኝ እተነፍሳለሁ።”

ያኔ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማየው ሁለት በሬና አንድ ድንጋይ ነበር። አሁን በነገሩ ውስጥ ልጂቱ አለች።

በበዓሉ ጠዋት ዝናቡ አባራ። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ስለት ያላቸው ሰዎች ከዛፉ ሥር በተራ ቆሙ፤ ጃንጥላ፣ ዕጣን፣ መጋረጃ ያስገባሉ። ደብሩን የሚያስተዳድሩት ቄስ ይግዛው ፈርጥ የጎደለውን መስቀል ይዘው ተቀምጠዋል። አያ አለኸኝ ቀርበው ነጠላቸውን ሲፈቱ እኔ ሕዝቡን ገፍቼ ወጣሁ።

“አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳይገባ በፊት አንድ ነገር ይፈቀድልኝ።”

“ምንድን ነው ልጄ?”

“የአልማዝ ጥራት የሚታይበት መንገድ አለ። እኔ አልነካውም። እርስዎ ጽሑፍ ላይ ያስቀምጡትና ከላይ እንየው።”

“ካየነውስ በኋላ?”

እዚህ ላይ ነው የወደቅኩት። ፊደሉ ከታየ አልማዝ አይደለም ብዬ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። ልማዴ ያዘኝ፤ ውጤቱ ሳይታይ ፍርድ አልሰጥም፣ ሰውንም አላስጨንቅም አልኩ። ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆንስ? ልጂቱን ለምን በከንቱ አስደነግጣለሁ?

“ካየነው በኋላ እናገራለሁ” አልኩ።

ቄስ ይግዛው ፈገግ አሉ። “ሳያዩ አለመፍረድ መልካም ነው። በቃሉ ይፈተን።” ከአጠገባቸው ያለውን የብራና ዳዊት ገለጡ፤ ድንጋዩን በጣታቸው አንሥተው ገጹ ላይ አኖሩት። የፈጣሪ ስም በቀይ ቀለም በተጻፈበት መስመር ላይ ነው ያረፈው።

ጎንበስ አልኩ። ቀዩ ፊደል በድንጋዩ ውስጥ ጥርት ብሎ፣ ከሌላው ፊደል ገዝፎ፣ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እያንዳንዱ የብዕር ጭረት ይታያል።

ቀና ስል ቄሱ ፊታቸው ተለውጧል። ስሙን ጮክ ብለው አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት። “ተመልከቱ!” አሉ። “ስሙን አበራው! ስሙን አጎላው!”

እልልታው ከሴቶቹ ተነሥቶ ቅጥሩን ሞላው። እቴ ጥሩዬ መሬት ላይ ተደፉ። ሰው እየተጋፋ መጥቶ በድንጋዩ ውስጥ የተንሳፈፈውን ስም እያየ አማተበ። ለእኔ የሐሰተኛነቱ ማስረጃ የሆነው ለእነሱ ተአምር ሆነ፤ ፈተናውን ያመጣሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

አያ አለኸኝ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ እጄን ያዙኝ። “አንተ ነህ ያስፈተንከው፤ ቆይ፣ አንተው ንገረኝ። እንከን አየህበት?”

የሻረግ ከአባቷ ጎን ቆማ ወደ ላይ ታየኛለች።

“አላየሁበትም” አልኩ።

እውነቴን ነው። እንከን አልነበረበትም። እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንዲህ የሚጎዳም።

ድንጋዩ መስቀሉ ላይ በሰም ተያዘ፤ ልጂቱ ሳመችው። ከሰዓት በኋላ አስር አለቃው ቦራንና ዳልቻን እየነዳ ወደ ቡሬ ወረደ፤ እኔም ከኋላው።

በማግስቱ ጠዋት ቡሬ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ማሳው ያወራኛል። በሬዎቹ ከደጅ ታስረዋል። አልቻልኩም።

“ትንሿ ድንጋይ የታለች?” አልኩት።

አወጣልኝ። ጋዜጣዬን ዘርግቼ ርእስ ላይ አስቀመጥኳት። “አንብብ።”

“‘የመንገድ ሥራ ተፋጠነ’” ብሎ አነበበና ወደ ውጭው ጭቃ እያየ ሳቀ። “ይህን እንኳ የጻፍከው አንተ አይደለህም።”

“ፊደሉን አየኸው?”

“አየሁት እንጂ፣ ምን አለ?”

“አልማዝ ቢሆን አታየውም ነበር።”

ሳቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ። ድንጋይቱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። ከዚያ፣ “ሰዓቴስ እሺ” አለ። “ትናንት ለምን ዝም አልክ? ፍኖተ ሰላምስ፣ ጋዜጣው እኮ ክንድህ ሥር ነበር።”

መልስ ግን አልጠበቀም፤ ወጥቶ በሬዎቹን ፈታ።

ዝናብ እየወረደብን አንድ ሰዓት ተጓዝን። አያ አለኸኝ ከሩቅ አይተውን በረቱ አጠገብ ካለው የአጥር በር ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

“ምነው፣ በሬዎቹ ታመሙ?”

“አልታመሙም፣ አያ አለኸኝ። ወስደው ያስገቧቸው። ድንጋዩ…”

“ዝም በል!” አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው። “የሻረግ ጓሮ ናት። ትሰማለች።”

አስር አለቃው የገመዱን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። አያ አለኸኝ አንዴ እሱን፣ አንዴ በሬዎቹን አዩ። ከዚያ እኔን።

“አንተ መቼ ነው ያወቅኸው?”

“ፍኖተ ሰላም ሳለሁ ጠርጥሬ ነበር። ያረጋገጥኩት ትናንት ዳዊቱ ላይ ነው።”

“መጠርጠርህን ብትነግረኝ እኮ ይበቃኝ ነበር” አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ እመርጥ ነበር። “ሌላ እፈልግ ነበር። ጊዜ ስጠኝ ብዬ ሚካኤልን እለምነው ነበር። አሁን ገብቷል፤ ስሟ ተጠርቶ፣ እልል ተብሎ። በሬዎቹ ወደ በረቴ ቢመለሱ አገር ለምን ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? እናቷስ ብትሰማ?”

“እንግዲያ ዝም ብዬ መጥቼ እያረስኩ ልስጥዎት” አለ አስር አለቃው። “ምንም አልፈልግም።”

“ባለ በሬ በነፃ አያርስም። ሰው ያየዋል።” ወደ ጤፉ መሬት ተመለከቱ። “መሬቴን በእኩል እረስልኝ። መኸሩን ግማሽ ትወስዳለህ፤ ደጄ ላይ፣ ሰው እያየህ ትሰፍራለህ።”

“አያ አለኸኝ፣ በገዛ በሬዎ?”

“የእኔ አይደሉም። ለሚካኤል ሰጥቻቸዋለሁ።”

ዳልቻ በዚህ መካከል ገመዱን ስቦ ግንባሩን በአጥሩ በር ላይ ገፋው፤ በረቱን ያውቀዋል። አያ አለኸኝ ቀንዱ ሥር አሹት፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው ራሱን ይዘው ወደ መንገዱ አዞሩት። ከጓሮ ልጂቱ፣ “አባዬ፣ ማን መጣ?” ስትል ሰማን።

“ማንም። መንገደኞች ናቸው” አሏት።

ሁለት ቀን ቆይቶ መንገዱ ተከፈተና ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። በዓመቱ ቡሬ ለሌላ ሥራ ስደርስ የጠየቅኩት ነጋዴ፣ አያ አለኸኝ በገዛ መሬታቸው ግማሽ እያካፈሉ እንደሚኖሩ፣ አስር አለቃው ሳያገባ እንደቀረ ነገረኝ። ልጂቱስ አልኩት። ደህና ናት አለኝ። ወደዚያ መንደር አልወጣሁም። ልወጣ ፈልጌ ነበር፤ ይዤው የምሄደው ምንም ነገር አልነበረኝም።

አንባቢዎቼ፣ ድንጋይ የምትገዙ ካላችሁ የፒያሳውን ሽማግሌ ምክር ከላይ ጽፌላችኋለሁ፤ ይጠቅማችኋል። እኔ የተማርኩት ግን ስለ ድንጋይ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ ሲያድርብኝ፣ “ጠርጥሬያለሁ፤ እርግጠኛ አይደለሁም” ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ። ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሰዎችም ታዝበውኛል። ይሁን። የማረጋገጥ ልማዴን አልተውኩም። ልማዱ እውነትን ሲጠብቅ ቆይቶ አንዳንዴ ጠባቂውን ብቻ እንደሚጠብቅ ግን አውቄያለሁ።

በጽሑፎቼ ሁሉ ስም፣ ቦታና ቀን አሟልቼ መስጠት ሥራዬ ነበር። በዚህኛው ስሞቹን ለውጫለሁ። ከቡሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ብያችኋለሁ፤ በየት በኩል እንደሆነ አልነገርኳችሁም። በዚያ አካባቢ መስቀል የያዙ ቄስ ቢገጥሟችሁና መካከሉ ላይ ውኃ የመሰለ ድንጋይ ብታዩ፣ ከሰው ጋር ተሰልፋችሁ፣ ተሳልማችሁ እለፉ። ጋዜጣ ከኪሳችሁ አታውጡ። ከእናንተ ፊት የተሰለፈችው ሴት እሷ ልትሆን ትችላለች።